አባዬን የከበበው ውሃ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ገና ሳይታጠብ፣ የሬሳ መኪና እየመጣ አባዬን ይወስደው ነበር።

ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ መስታወት ነው። ሞተሩ ስለማይጮህ ሁልጊዜ ድንገት በራችን ላይ ቆሞ ነው የማገኘው። ያን ጊዜ የእማዬ አክስት፣ አክስት ኤዲት፣ ከወንበራቸው ተነስተው የሳሎኑን መጋረጃ ግጥም አድርገው ይዘጋሉ። በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ መጋረጃ ይዘጋል፤ ይህን የስምንት ዓመት ልጅም ታውቀዋለች። አባዬ በጨለመው ሳሎን አልፎ ግንባሬን ይስመኝና "ደህና ዋይ ዳክዬዬ፣ ለራት እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣል። ከፊት ሁለት ሰዎች ስላሉ እሱ የሚገባው ከኋላ፣ ሳጥኑ ከሚጋደምበት በኩል ነው። እኔ ደረጃው ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ሆኜ፣ በመስታወቱ ውስጥ እጁን ሲያውለበልብልኝ አየዋለሁ። ከዚያ እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ እላለሁ። እስኪመለስ ድረስ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም፤ ከተነሳሁ የማይመለስ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1973 ነበር፤ በዚያ ዘመን እንደነአባዬ ያሉ ሙዚቀኞች አሮጌ የሬሳ መኪና መግዛት ይወዱ ነበር። ሆዱ ሰፊ ነው፤ ኦርጋኑና ከበሮው እንደ ሬሳ ሳጥን ተንሸራቶ ይገባል። አክስት ኤዲትም መጋረጃ የሚዘጉት ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ሀፍረት ነበር፤ የእህታቸው ልጅ ባል በቀትር በሬሳ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ጎረቤት እንዳያይባቸው ነው። ግን ለልጅ ይህን ማን ይነግራታል?

አባዬ፣ ሌናርድ፣ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። የምንኖረው ሊንከንሻየር ውስጥ ቶርንዊክ በምትባል፣ ከጎመን እርሻና ከሰማይ በቀር ምንም በማይታይባት ጠፍጣፋ መንደር ነው። እማዬ ዶሪን አተር በቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ቅዳሜንም ጭምር። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት አባዬ ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ የእንጨት ቧንቧ ሲሠራ ከረመ። እንጨቱን በረጅም መሰርሰሪያ ዳር እስከ ዳር በሳው፤ ውስጡን አሸዋ ሞላው፤ ከዚያ ጫፉን ከሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ይዞ በእንፋሎት አለሰለሰውና ወደ ላይ አጠፈው። ሲጨርስ ከዘራ መሰለ፤ እጀታው ወደ ታች የተገለበጠ ከዘራ። ትክክለኛ ስሙ ክረምሆርን ነው፤ ነገሥታት በእንዲህ ያለ ነገር ይጨፍሩ የነበሩበት ዘመን መሣሪያ ነው። በእኛ ቤት ግን ስሙ ከዘራው ነበር።

ድምፁ ማሰሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነው። አባዬ ሲነፋው ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ ይንዘረዘራል። እኔን ግን ያስፈራኝ ድምፁ አልነበረም፤ ምላሱ ነው።

"ምላስ አለው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ከሸምበቆ የተሠራ ትንሽ ምላስ። እዚህ ቆቡ ሥር ነው የተደበቀው።"

"ለምን ተደበቀ?"

"የነፊው ከንፈር እንዳይነካው። እኔ አየሩን ብቻ ነው የምሰጠው፤ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።"

"ጮክ ብሎ እንዲናገር ብትፈልግስ?"

"አይሆንም። ጠንክረሽ ብትነፊው ይበሳጫል፤ ቃናው ይጣመማል፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል። የራሱ ፈቃድ ያለው ፍጥረት ነው" አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። በጨለማ ውስጥ የተቀመጠ፣ የራሱ ፈቃድ ያለው፣ የማንም ያልሆነ ምላስ ወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ እየተኛ እያደረ ነው።

የቡድኑ ስም "የመነኩሴው ድመት" ነበር። ጊታር የሚጫወተውና የሚዘፍነው ፒርስ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሮይ ቢሆንም፣ የጥንት ዜማ ከጀመሩ ወዲህ "ሮይ በሚባል ሰው አፍ እንዲህ ያለ ግጥም አያምርም" ብሎ ፒርስ ካላላችሁኝ አለ። ፀጉሩ እስከ ትከሻው ነው፤ ባዶ እግሩን ነው የሚጫወተው፣ ብርድም ቢሆን። ድንጋዩን ካልነካ ዜማው አይመጣለትም። ለእኔ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አለው፤ ሲሰጠኝም "ለእመቤቲቱ" ብሎ ጎንበስ ይላል። ከበሮ መቺውና የመኪናው ሹፌር ማልኮም ነው፤ እሱ ከቀልድ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ኦርጋኑን የሚጫወተው በብስክሌቱ የሚመጣ ሌላ የአባዬ ትምህርት ቤት መምህር ነው።

ሙዚቃውን ያኔ አልወደድኩትም። ዛሬ ከምንም በላይ የምሰማው እሱን ነው፤ ሙዚቃ የሚባል ትምህርት ሳልማር፣ በጆሮዬ ብቻ። በከዘራው የአምስት መቶ ዓመት ዳንስ ይጀመራል፤ ኦርጋኑ ከሥር ይገባል፤ ከዚያ የፒርስ ጊታር ሰይፍ እንደ መዘዘ ሰው ይነሳል፤ ከበሮው ሰባት ሰባት እየቆጠረ ያሳድደዋል። አንዱ ዜማቸው ብቻ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነበር።

"አሥራ ስምንት ደቂቃ!" አሉ አክስት ኤዲት ሲነገራቸው። "ዳዊት ጎልያድን ሲገድል እንኳ ይህን ያህል አልፈጀበትም።"

"ጎልያድ ከበሮ መቺ አልነበረውማ፣ አክስት ኤዲት" አላቸው አባዬ።

"አትቀልድብኝ፣ ሌናርድ። በዚህ ቤት ልጅ አለች።"

አንድ ምሽት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ለውሃ ልወርድ ስል የእማዬን ድምፅ ከወጥ ቤት ሰማሁ። የምታለቅስ ሰው ድምፅ ነው።

"ለሚካኤል ይሄዳል። ቆርጧል።"

"አንቺስ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ?" አሉ አክስት ኤዲት።

"ምን ላድርግ? ጠርተውታል። የጠሩት ደግሞ ትልልቆች ናቸው። አንዴ ከሄደ እንዴት እንደሚመለስ እንጃ።"

ውሃውን ሳልጠጣ ተመልሼ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። የጠሩት በለንደን ስሙ የገነነ የሮክ ቡድን ሰዎች መሆናቸውን፣ እነአባዬ ከእነሱ ጋር ከተማ ለከተማ እየዞሩ እንዲጫወቱ መጠየቃቸውን፣ አባዬም የመምህርነቱን ሥራ በመስከረም መጨረሻ ሊለቅ እንደነበር ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ነው። በዚያ ምሽት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባዬን የጠራው አካል አለ፤ ቀኑም ተቆርጧል።

ማን እንደጠራው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አየሁት።

የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤል ነው። ቄሱ ሚስተር ፋርዲንግ ወጣቶችን ወደ ደጁ ለመመለስ የማይሞክሩት ነገር አልነበረም፤ ለክብረ በዓሉ፣ መስከረም 29 ቅዳሜ ከሰዓት፣ "የመነኩሴው ድመት" ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንዲጫወት ፈቀዱ። አባዬ ቦታውን ሊያይ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ፒርስም አብሮን ነበር። እኔ ከአክስት ኤዲት ጋር የምሄደው ነጭ ግድግዳና ቡኒ ወንበር ብቻ ወዳለበት ወደ ሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ስለነበር እዚያ ገብቼ አላውቅም።

ከመሠዊያው ፊት ባለው ትልቅ ቅስት ላይ የፍርድ ቀን ተስሏል። ለዘመናት በኖራ ተለስኖ ኖሮ ነው የተገለጠው። መካከል ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል። በቀኙ የዳኑት እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈዋል። በግራው ግን የዓሣ አፍ የመሰለ የሲኦል አፍ ተከፍቷል። ከአፉ ዳር አረንጓዴ ሰይጣን ቆሟል፤ በእጁ ጫፉ የታጠፈ ነገር ይዞ ወደ አፉ አስጠግቷል። ከእግሩ ሥር ራቁቱን የሆነ ቀይ ጺም ያለው ሰው አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ከትቷል።

የአባዬ ጺም ቀይ ነው።

"ኧረ ጉድ!" አለ አባዬ። "ፒርስ፣ ና እየው! ከዘራዬን ይዟል!"

"ከዘራህን ብቻ ነው እንዴ? አንተንም ይዞሃል። ጺምህን እየው!"

"አምስት መቶ ዓመት ሲጠብቀኝ ነበራ!"

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲመለስ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለኝ። ሚስተር ፋርዲንግም ፈገግ ብለው በጣታቸው አሳዩ፤ "እንግዲህ አንተ እዚህ፣ ልክ ከሱ ሥር ትቆማለህ። ጊታሩ በስተቀኝ።"

አባዬ እጄን ይዞ ስለነበር "አሞሻል እንዴ? እጅሽ በረዶ ሆኗል" አለኝ።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሥዕሉ ታጥቦ ጠርቷል። ሰይጣኑ የያዘው ቧንቧ አይደለም፤ ነፍስ የሚጎትትበት ሜንጦ ነው፤ ወደ አፉ የቀረበ የመሰለንም ቀለሙ ስለተላጠ ነው። እኔ የምፈራውን አየሁ፣ አባዬ የሚወደውን አየ።

በማግስቱ አክስት ኤዲት ጓሮ ተቀምጠው የዝይ እንጆሪ የሚባለውን የጓሮ ፍሬ ጭራ ሲቆርጡ አጠገባቸው ሄድኩ።

"አክስት ኤዲት፣ ሰው በቁሙ ወደ ሲኦል ይወሰዳል?"

"ቆሬን፣ ዳታንንና አቤሮንን መሬት አፏን ከፍታ በቁማቸው አልዋጠቻቸውም?"

"ምን አድርገው?"

"የማይገባቸውን ዕቃ ይዘው በእግዚአብሔር ፊት ስለ ቆሙ።" መቀሳቸው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

"የተጠመቀ ሰውም ይወሰዳል?"

"የተጠመቀ ምልክት አለበት። ሰይጣን ምልክቱን አይቶ ያልፋል።"

"አባዬ ተጠምቋል?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አባትሽ የኩዌከሮች ልጅ ነው። እነሱ አያጠምቁም። ጠብታ ውሃ ነክቶት አያውቅም።" ከዚያ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ "አይዞሽ፣ እነሱም የራሳቸው መንገድ አላቸው" አሉ። እኔ ግን ከ"ጠብታ ውሃ" በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

የሚካኤል ዕለት እማዬ ፋብሪካ ነበረች። አክስት ኤዲትም "እዚያ እግሬ አይረግጥም" ስላሉ፣ አባዬ እኔን ብቻ ይዞ በጠዋት ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መኪና ተሳፈርኩ፤ ከኋላ፣ ከኦርጋኑ ጎን፣ የአባዬን ጉልበት አቅፌ። ሰዎች በመንገድ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁልን።

ዕቃውን ዘርግተው ማጉያዎቹን ሲያበሩ ከድንጋዩ ሥር አንድ ነገር መተንፈስ ጀመረ። እምምም... የሚል፣ የማያቋርጥ፣ በጫማዬ በኩል የሚወጣ። ከዘራው ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ማይክራፎኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉለታል፤ ያን ጊዜ ያ ትንፋሽ አብሮ ከፍ ይላል። ፒርስ ጊታሩን በሰካ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

"ሰው የሚሰማው እኛን ነው ወይስ ፍሪጅ?" አለ ፒርስ። "ሌን፣ የኔን ማጉያ የመሬት ሽቦ ቁረጠው በቃ። ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

"አልወደውም፣ ፒርስ።"

"የአንተ ቧንቧ እንዲሰማ እኮ ነው! እኔማ ብጮህ ከዚህ ሊንከን ከተማ ድረስ ድምፄ ይሰማል።"

አባዬ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ካቻቢቴ አውጥቶ ስፒናውን ፈታው፤ አረንጓዴና ቢጫ የሆነችውን ሽቦ በፒንሳ ቀጭ አደረጋት። መልሶ ሲሰካው ትንፋሹ የለም። ጸጥ አለ።

"አሜን!" አለ ፒርስ።

"መኪናውም ደጅ ቆሟል" አለ ማልኮም ከከበሮው ኋላ። "ፒርስ ከተጠበሰ ማመላለሻ አንቸገርም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ወደ ሥዕሉ ቀና አልኩ። ሲተነፍስ የነበረው ዝም ያለው ስለሄደ አልመሰለኝም። ልጅ ሲደበቅ ትንፋሹን ይይዛል፤ ይህም እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

ሚስተር ፋርዲንግ ሻይና የእንቁላል ሳንድዊች አትክልት ቦታቸው ውስጥ አዘጋጅተው ጠሯቸው። እኔ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ብቻዬን ስሆን ቤተ ክርስቲያኑ አደገ። በሩ አጠገብ ያለው የማጥመቂያ ገንዳ ውሃ ተሞልቷል፤ ያንን በጠዋት አይቼዋለሁ። ከመስኮቱ ሥር ካለው የአበባ ማሰሮ ሐምራዊዎቹን የሚካኤል አበቦች አውጥቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ፤ ማሰሮውን ከገንዳው ሞላሁና ተሸክሜ ሄድኩ። አባዬ የሚቆምበትን ቦታ፣ የማይክራፎኑን እግርና በርጩማውን፣ ዙሪያውን በውሃ ከበብኩት። አንድ ማሰሮ ግማሽ ክብ እንኳ አልሞላም። ተመለስኩ። ሁለተኛው ሲያልቅ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ቀረ። ክፍተት ካለ ደግሞ በዚያ በኩል ይገባል። ሦስተኛውን አመጣሁ። እያፈሰስኩ "ጌታ ሆይ፣ አባዬን አትስጠው፣ አባዬን አትስጠው" እል ነበር፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ያ ውሃ ገና አልተባረከም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ለማግስቱ ክርስትና በጓሮ ቧንቧ የሞላው ተራ ውሃ ነው። ያ ወለልም በስድስት መቶ ዓመት እግር ተበልቶ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህን ያኔ አላየሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉ ሞላ። ሕዝቡ ገብቶ ሊያልቅ ሲል አክስት ኤዲት የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ገብተው ከመጨረሻው አግዳሚ ተቀመጡ። ሲያዩኝ "ልጅቷን ማን ያያታል ብዬ ነው" አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው።

አባዬ ከበርጩማው ተነስቶ ከዘራውን ወደ አፉ አስጠጋ። ከላዩ አረንጓዴው ሰይጣን ከዘራውን ወደ አፉ አስጠግቷል። አባዬ በአፍንጫው አጭርና ጥልቅ ትንፋሽ ሳበ፤ ዜማው ጀመረ። ያን ቀን እንዳጋጣሚ ይሁን በፍርሃቴ ምክንያት፣ ሙዚቃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ያች ትንሽ፣ የታፈነች ድምፅ ብቻዋን በዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል ስትሄድ፣ መንገድ የጠፋት ግን የማታለቅስ ልጅ መሰለችኝ። ኦርጋኑ እጇን ያዛት። ከዚያ ፒርስ ከማይክራፎኑ ርቆ ወደ አባዬ ሁለት እርምጃ ቀርቦ፣ ባዶ እግሩን፣ ጊታሩን ሊመታ እጁን አነሳ።

አንድ ድምፅ ወጣ። አላቆመም።

ፒርስ ቀጥ አለ። ሁለት እጆቹ ጊታሩን ጨመቁት፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ ጥርሱ ታየ። ፊቱ ከሥዕሉ የወረደ ፊት ሆነ። ሰው ሁሉ የትዕይንቱ ክፍል መስሎት ዝም ብሎ ያያል። አንዳንዱ ያጨበጭባል።

አባዬ ከዘራውን እንደያዘ ወደ እሱ ሮጠ። ሌላ እጁን ዘረጋ።

"አትንካው!" የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። አክስት ኤዲት ናቸው፤ በመሃል መንገዱ ላይ ባርኔጣቸው ወድቆ ይሮጣሉ። "ሌናርድ! በእጅህ አትንካው! በእንጨት! በእንጨት!"

አባዬ በያዘው እንጨት መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በእጆቹ ላይ፤ በሦስተኛው ከዘራው ከመታጠፊያው ላይ ተሰበረ፤ ጊታሩ ወለቀ። ማልኮም ስፒናውን ነቀለ። ፒርስ ድንጋዩ ላይ ወደቀ፣ ውሃው ላይ።

አክስት ኤዲት በጦርነቱ ጊዜ የአተር ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ እንደነበርና አንዲት ልጅ ከማሽን ጋር ተጣብቃ ስትቀር፣ ልታስለቅቃት የያዘቻትም አብራት ስትቀር ማየታቸውን እማዬ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረችኝ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር ነው ያየሁት። ሰይጣኑ መጣ፤ በአባዬ ዙሪያ ምልክቱን አየና አለፈ፤ ባዶ እጁን ላለመመለስ ደግሞ ከክቡ ውጭ የነበረውን ወሰደ። ክቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሠራሁትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከረሜላ የሚሰጠኝን ሰው ረስቼዋለሁ።

ፒርስ አልሞተም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ተቃጥለው ቀሩ፤ ጊታር የሚይዙት ጣቶች። አባዬ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄዶ ከክፍሉ በር ላይ ቆመና ሳይገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ "የመነኩሴው ድመት" አልነበረም፤ ለንደንም አልነበረም። አባዬ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ገባ፤ ጡረታ እስኪወጣም አልወጣም። የሬሳው መኪና መምጣቱን አቆመ። የለመንኩት ሁሉ ተፈጸመልኝ፤ አባዬ እቤት ነው። ያስፈራኝ የነበረውም ይህ ነው። ጸሎቴ ከተሰማ፣ የከፈለው ፒርስ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስጸልይ የሰው ስም መጥራት እፈራ ነበር፤ አንዱን ስጠራ ያልጠራሁት የሚወሰድ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የፊዚክስ መምህራችን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዴት እንደሚሄድ በሰሌዳ ላይ ሳለችልን። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳለች፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ በዚህች በኩል ይሄዳል፣ እሷ ከሌለች በሰው በኩል ነው አለች። ከዚያ ሰው ሳለች። ከሰውዬው እግር ሥር ደግሞ ውሃ ሳለች፤ "እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው" አለች። የአባቴንም የራሴንም ጥፋት በአንድ ክፍለ ጊዜ ተማርኩ። ሽቦው ባይቆረጥ ሦስት ማሰሮ አይደለም ሠላሳም ቢፈስ ምንም አይሆንም ነበር። ውሃው ባይፈስ ደግሞ ሽቦው ብቻውን ምናልባት ጣቶቹን አንዘርዝሮ ይተወው ነበር። ሰይጣን የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ሽቦው የሱ ነው ብሎ እንደሚያምን ከፊቱ አውቅ ነበር፤ ስለ ውሃው የሚያውቀው የለም፤ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሏቸዋል። ብነግረው ሸክሙን እንደማካፍለው አውቃለሁ። ግን ስምንት ዓመት ሆኜ በዚያ ደረጃ ላይ የተቀመጥኩት እሱን እንዳላጣው ነበር፤ በሃምሳ ዓመቴም ያው ነኝ። እንዳላጣው ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ አባዬ ሰማንያ አራት ሞልቶት ወደ እኛ ቤት ሊገባ ዕቃውን ስሸክፍ፣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሳህን መወልወያ ጨርቆች ሥር፣ የገና ካርዶች አገኘሁ። አርባ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም ከፒርስ። ክሊቶርፕስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ልጆችን መዝሙር ያስተምራል። እያንዳንዱ ላይ የስልክ ቁጥር አለ።

"አባዬ፣ ለምን አልመለስክለትም?"

"ምን ብዬ?" እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። "ሽቦውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ዊኒ። አልወደውም አልኩ፤ ግን ቆረጥኩት። የኔ ቧንቧ እንዲሰማ።"

ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ካልተናገርኩ እስክንሞት እንደማልናገር አወቅኩ።

"ወለሉ እርጥብ ነበር" አልኩ።

"ጣሪያው ነው።"

"ጣሪያው አይደለም። እኔ ነኝ። ከማጥመቂያው ገንዳ በአበባ ማሰሮ ቀድቼ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ጠላኝ አልኩ በልቤ።

"ስንት ማሰሮ?" አለኝ።

"ሦስት።"

"ለምን ሦስት?"

"አንዱ አልበቃም። አንተን መዞር ነበረበት። አክስት ኤዲት አልተጠመቀም ብለውኝ፤ ያ ሰይጣን ሊወስድህ ነው ብዬ..."

አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ቀና ሲል ጺሙ፣ ነጭ የሆነው ጺሙ፣ እርጥብ ነበር።

"ይህን ብቻሽን ይዘሽ ነው ያደግሽው?"

"አንተስ ብቻህን ይዘህ አላረጀህም?"

ከካርዶቹ አንዱን አነሳና አገላበጠው። "ስልኩን ስጪኝ" አለ።

ቁጥሩን እኔ ደወልኩለት። ጠራ። ብዙ ጠራ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ "ሃሎ?" አለ።

አባዬ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

"ሃሎ? ማን ልበል?"

አባዬ ድንገት፣ መናገር ያቃተው ሰው እንደሚያደርገው፣ አጭርና ጥልቅ ትንፋሽ በአፍንጫው ሳበ። የባሕር ወፎች ሲጮኹ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ሌን ነህ" አለ ፒርስ። "በዚህች ትንፋሽህ ያን ዓመት ሙሉ ዜማ ስጀምር ኖሬ እንዴት ትጠፋኛለች? አይዞህ። እየሰማሁህ ነው።"

አባዬ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ በሁለታችን መካከል ያዘው። "ፒርስ" አለ፣ "ልጄ አጠገቤ አለች። ሁለታችንም የምንነግርህ ነገር አለን። እሷ ትጀምር።"

ከዚያ አባዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ትንፋሼን ሳብኩ።